ከዜብራው በፊት 6 ሜትር ባዶ ይሁን

የትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ዜብራ ቀለሙ ታድሶም አደጋው ካልቀነሰ፣ አጠገቡ የሚቆሙትን ሚኒባሶች እዩ። የ7 ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው፤ ከሚኒባስ ጀርባ ሲወጣ የሚመጣው መኪና ሾፌር የሚያየው አስፋልቱ ላይ ከገባ በኋላ ነው።

መኪና ከሚመጣበት በኩል፣ ማለትም ለተሻጋሪው በግራ፣ ከዜብራው በፊት ቢያንስ 6 ሜትር የመንገድ ዳር ባዶ ይሁን። መንገዱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት አስፈቅዳችሁ፣ አፈር የተሞሉ አሮጌ ጎማዎችን ነጭ ቀብታችሁ መኪና እንዳይቆምበት ደርድሩበት። ከጉልበት አይብለጡ፤ አበባ ልትከልበት የሚል አይጠፋም፣ ግን ሲያድግ ልጁን መልሶ ይከልለዋል።

በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ባለው መንገድ ይህ ብቻውን አይበቃም፦ አንዱ መኪና ቆሞ ሲያሳልፍ፣ ከጎኑ ለሚመጣው ልጁን ይጋርደዋል። እዚያ መሻገሪያ አስተናባሪ ሰው ያስፈልጋል።