ለደሴና ለኮምቦልቻ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች፦ ኮከብ ተጫዋች ከማስፈረም በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በደሴም በኮምቦልቻም የቡድን አመራሮች የሚከራከሩበት ጉዳይ አለ፦ ያለንን ገንዘብ አሟጠን አንድ ኮከብ እናስመጣ ወይስ ባሉን ልጆች እንቀጥል? የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድኖችም በየዓመቱ ይኸው ጥያቄ አለባቸው። እዚያ ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋችና በድራፍት ምርጫ፣ ማለትም በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት፣ ነው። እኛ ዘንድ ድራፍት የለም፤ የምንከፍለው ገንዘብና የታዳጊዎቻችንን የመጫወቻ ጊዜ ነው። ስህተቶቹ ግን በጣም ይመሳሰላሉ፤ የእነሱ ደግሞ ከነውጤቱ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ልንማርበት እንችላለን።

ያስቆጠረውን ነጥብ ብቻ ማየት

«በየጨዋታው 24 ነጥብ ያስቆጥራል» የሚል ወሬ ብቻውን ብዙ ተጫዋች አስፈርሟል። መጠየቅ ያለበት 24ቱ ነጥብ በስንት ሙከራ ተገኘ የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ተጫዋቹ በጨዋታው የሞከራቸውን የነጻ ውርወራዎች ብዛት በ0.44 አባዙ፤ ከሜዳ ወደ ቅርጫት በወረወራቸው ኳሶች ቁጥር ላይ ደምሩ፤ ድምሩን በ2 አባዙ፤ ያስቆጠረውን ነጥብ ለዚህ አካፍሉ። 0.44 የተባለው ነጻ ውርወራ ብዙውን ጊዜ በጥንድ ስለሚሰጥ፣ አንዳንዴም ከገባ ኳስ ላይ ስለሚጨመር፣ እያንዳንዱ እንደ ሙሉ ሙከራ ስለማይቆጠር ነው።

ሁለት ተጫዋቾችን እናወዳድር። አንዱ ከሜዳ 26 ጊዜ፣ በነጻ ውርወራ 6 ጊዜ ሞክሮ 24 ነጥብ አስቆጠረ፤ ውጤቱ 0.42 ይሆናል። ሌላው ከሜዳ 11 ጊዜ፣ በነጻ ውርወራ 4 ጊዜ ሞክሮ 15 ነጥብ አስቆጠረ፤ የእሱ 0.59 ነው። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለመጀመሪያው ነው። ለቡድን የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ያባከናቸውን ሙከራዎች ሌሎቹ አራት ልጆች ቢያገኟቸው የተሻለ ነጥብ ሊያመጡባቸው ይችሉ ነበርና።

ይህን ቁጥር ተዘጋጅቶ አታገኙትም፤ ራሳችሁ መሰብሰብ አለባችሁ። አንድ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከሜዳው ዳር ይቀመጥ። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ከሜዳ የሞከረው፣ ከሜዳ ያገባው፣ ነጻ ውርወራ፣ ለቡድን ጓደኛው አቀብሎ ነጥብ የሆነው፣ እጁ ላይ የጠፋ ኳስ። ቢያንስ አምስት ጨዋታ ይመዝገብ፤ ሁለቱ ከሜዳቸው ውጪ የተደረጉ ይሁኑ። አራተኛውን ሩብ ለብቻው ጻፉት፤ ሲደክመው መከላከል የሚተው ተጫዋች የሚታወቀው እዚያ ነው።

200ውን ደቂቃ መርሳት

በፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ ጨዋታው አራት ሩብ፣ እያንዳንዱ ሩብ 10 ደቂቃ ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ተጫዋች ሜዳ ላይ ስላለ ለማከፋፈል ያላችሁ 200 ደቂቃ ነው፤ ኮከብ መጣ ብሎ አይጨምርም። አዲሱ ተጫዋች 34 ደቂቃ ከተጫወተ ያ 34 ደቂቃ ከነማን እንደሚቀነስ በስም ጻፉ። ሠንጠረዡን ከፊርማው በፊት መሥራት ያልቻለ አሰልጣኝ ከፊርማው በኋላም አይሠራውም፤ በየጨዋታው ከተቀያሪዎች ጋር እየተጣላ ነው የሚከርመው።

ከደቂቃው ይልቅ የሚከብደው ኳሱ ነው፤ ኳሱ አንድ ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በ2021 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራስል ዌስትብሩክን ሲያመጣ ካይል ኩዝማን፣ ኬንታቪየስ ካልድዌል ፖፕንና ሞንትሬዝ ሃረልን ከአንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ሰጠ። ዌስትብሩክም ሌብሮን ጄምስም ጨዋታውን ኳስ ይዘው የሚመሩ ናቸው። አንዱ ኳሱን ሲይዝ ሌላው ከሩቅ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት፤ ዌስትብሩክ ደግሞ ከሩቅ ብዙም የማያገባ በመሆኑ ጠባቂው እሱን ትቶ ቅርጫቱ ሥር ይሰበሰባል፤ ጄምስ ሰብሮ የሚገባበት ክፍተት ይጠባል። ሌከርስ 33 አሸንፎ 49 ተሸነፈ፤ ጥሎ ማለፍም አልገባም። የጄምስና የአንቶኒ ዴቪስ ጉዳት ድርሻ እንደነበረው አይካድም፤ ቢሆንም የሁለቱ ጥምረት ከጅምሩ ትክክል አልነበረም። ከተሰጡት መካከል ካልድዌል ፖፕ በ2023 ከዴንቨር ጋር ሻምፒዮን ሆነ። ኳስ ሳይበዛበት የሚጠቅም ተጫዋች እንዲህ ነው ሳይታሰብ የሚሰጠው።

እናንተ ዘንድ ኳስ አቀባባዩ ጎበዝ ከሆነ ሌላ ኳስ አቀባባይ አታምጡ። ቡድኑ የሚሸነፈው ሪባውንድ (ሳይገባ ነጥሮ የሚመለስ ኳስ) እያጣ ከሆነ ከ6.75 ሜትር፣ ከሦስት ነጥብ መስመሩ፣ የሚወረውር ኮከብ ችግሩን አይፈታውም።

የሚሰጠውን አሳንሶ መገመት

ከሁሉም ስህተቶች ጉዳቱ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ይህ ነው። ብሩክሊን ኔትስ በ2013 ኬቨን ጋርኔትን፣ ፖል ፒርስንና ጄሰን ቴሪን ከቦስተን ሲወስድ ጋርኔት 37፣ ፒርስ 35 ዓመታቸው ነበር። በምትኩ ከሰጣቸው ተጫዋቾች በተጨማሪ የ2014፣ የ2016ና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን፣ እንዲሁም በ2017 የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብትን ለቦስተን አስረከበ። ኔትስ ከሁለቱ አንጋፎች ጋር ያሸነፈው አንድ ዙር ጥሎ ማለፍ ብቻ ነው። ቦስተን በ2016ቱ ምርጫ ጄለን ብራውንን ወሰደ፤ በ2017 ያገኘውን አንደኛ ምርጫ ወደ ሦስተኛ ለውጦ ጄሰን ቴተምን መረጠ፤ ሁለቱ በ2024 ዋንጫውን አነሱ።

ክሊፐርስም በ2019 ፖል ጆርጅን ሲያመጣ ከአምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር አንድ ወጣት ተጫዋች ለኦክላሆማ ሲቲ ሰጠ። ያ ወጣት ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ነው፤ በ2025 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ቡድኑን ሻምፒዮን አደረገ።

ድራፍት ለሌለን ለእኛ የወደፊቱ ምርጫ ማለት በየትምህርት ቤቱ ያሉት ታዳጊዎች ናቸው። የ17 ዓመቱ ልጅ በሳምንት 20 ደቂቃ የሚጫወትበትን ቦታ ኮከቡ ከወሰደው ልጁ ወይ ሌላ ቡድን ይፈልጋል ወይ ኳሱን ይተዋል። ስለዚህ የኮከቡን ክፍያ ስታሰሉ ፊርማውንና ደመወዙን ብቻ አትደምሩ፤ በዚያው ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት የታዳጊዎች ጫማ፣ የስንት ወር የረዳት አሰልጣኝ ክፍያ እንደሚሸፈን ጎን ለጎን ጻፉ።

ፈርቶ መተውም ስህተት ነው

ይህን ሁሉ አይቶ «ኮከብ አያስፈልግም» ማለት ሌላው ጫፍ ነው። ቶሮንቶ በ2017–18 የውድድር ዘመን 59 ጨዋታ አሸንፎ በጥሎ ማለፉ በክሊቭላንድ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሁሉ ነገር ነበረው፤ ትልቅ ጨዋታ የሚጨርስለት ሰው ግን አልነበረም። የደጋፊውን ተወዳጅ ዲማር ዲሮዛንን ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ፤ በመደበኛው ውድድር ከ82 ጨዋታ 60ውን ብቻ አጫወተው፤ በ2019 ሻምፒዮን ሆነ። ሌናርድ በዓመቱ ለቆ ሄደ፤ ይሁንና ያ ዝውውር ትክክል ነበር።

ቦስተንም በ2007 ጋርኔትንና ሬይ አለንን በአንድ ክረምት አምጥቶ ከ24 ድል ወደ 66 ተሻገረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን ወሰደ። ነገር ግን ፖል ፒርስ ቀድሞውኑ እዚያ ነበር፤ ጋርኔትም 31 ዓመቱ እንጂ 37 አልነበረም። የጎደላችሁ አንድ ነገር ከሆነና እሱን የሚሞላ ሰው ከተገኘ አስፈርሙ። የጎደለው አራት ነገር ከሆነ አንድ ሰው አይሞላውም።

ከፍታውንና ሜዳውን አለማሰብ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነች። የኮምቦልቻ ቡድን ራሱ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲጫወት በሦስተኛው ሩብ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ተጫዋችማ የበለጠ ይቸገራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣትም ሊኖር ይችላል። ከአውቶቡስ በወረደ ማግስት አትፈትኑት፤ በዚያ ቀን በሚያሳየው አቅም መወሰን እሱንም እናንተንም ይጎዳል። ከመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይምጣ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱ ከተለመደው ግማሽ ያህል ይሁን፤ ውኃ አብዝቶ ይጠጣ።

ሜዳውም ይለያል። የተሸፈነ አዳራሽና የእንጨት ወለል የለመደ ተጫዋች በሲሚንቶ ሜዳ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከጦሳ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሩቅ ውርወራው ይሳሳታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እርጥብ ሜዳ ላይ በድንገት ዞሮ መቆም አደጋ ነው። ፈተናው በራሳችሁ ሜዳ ይደረግ፦ መጀመሪያ አሥር ጊዜ ከቅርጫት ወደ ቅርጫት ያሩጡት፤ ሳያርፍ ከአምስት ቦታ አሥር አሥር ኳስ ይወርውር። ካረፈ በኋላ የሚያገባውን ሁሉም ያገባል።

የልምምድ ሰዓታችሁንም አስቀድማችሁ ንገሩት። በረመዳን ልምምዱ ወደ ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ የሚዞር ከሆነ አዲሱ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ይወቅ።

አምበሉን ሳያናግሩ ማስፈረም

አምበሉ ዜናውን ከፒያሳ ከሰማው ነገሩ ተበላሸ። አሰልጣኙ ቀድሞ ለብቻው ያናግረው፤ የማን ደቂቃ እንደሚቀንስ፣ መጨረሻ ላይ ኳሱ ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ይንገረው። የክፍያውም ልዩነት አይደበቅም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ በሳምንቱ ይወጣል።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መክፈል

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከፊርማው በፊት የቀድሞ ቡድኑን መልቀቂያ በእጃችሁ አድርጉ፤ የውድድሩን የምዝገባ መዝጊያ ቀን ከደንቡ ላይ አረጋግጡ። የፊርማው ክፍያ በሦስት ይከፈል፦ አንድ ሦስተኛው ሲፈርም፣ አንድ ሦስተኛው ውድድሩ ሲጋመስ፣ ቀሪው ሲጠናቀቅ። ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍንና ደመወዙ ለስንት ወር እንደሚቀጥል ይጻፍ። ቤት ኪራይና ምግብ በቡድኑ ከሆነ መጠኑ በብር ይቀመጥ። ተጫዋቹ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የፈተና ሳምንቶቹንና የሚመረቅበትን ወር ጠይቃችሁ ከጨዋታ መርሐ ግብሩ ጋር አመሳክሩ፤ ውድድሩ ሳያልቅ ተመርቆ የሚሄድ ከሆነ ክፍያው እስከዚያ ቀን ድረስ ተሰልቶ ውሉ ላይ ይስፈር።