ቆርቆሮ ቤት ለአዳማ ሙቀት እንዴት ይዘጋጃል?

አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ውዬ የማመሸው ቆርቆሮ ሥር ነው። ግንቦት ላይ መቀሴ ጣት ያቃጥላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን ሙቀት ብርቃችን አይደለም፤ ግን እየባሰ ነው። በፈረንጆቹ 2024 በዓለም ደረጃ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። እሱን ብቻችንን አናቆመውም፤ ጣሪያችን ግን በእጃችን ነው።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉና ነጭ የውጪ ቀለም ደራርባችሁ ቀቡት፤ ነጭ ጨረሩን ይመልሳል። የዛገ ቆርቆሮማ ምጣድ በሉት! ኖራ ይረክሳል፣ ግን ክረምት ያጥበዋል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት። መሃል ላይ ክፍተት፣ በሁለቱም ጫፍ ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው።

መስኮት ማታ ይከፈታል (ለወባ ትንኝ ወንፊት ሽቦ አትርሱ)፣ ረፋድ ላይ ውጪው ከቤቱ በላይ ሲሞቅ ይዘጋል። ጎረቤት «ታፈንሽ እኮ» ቢልም አትስሙ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ማታ ክፍት መስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ መስቀል ያቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲገባ ግን ወበቅ ነው የሚጨምረው። ቦታ ካላችሁ በምዕራብ በኩል ኒም ትከሉ፤ የከሰዓቷን ፀሐይ ይጋርዳል።