እከክ ለያዘው ዎምባት መድኃኒት የሚያፈስ የጉድጓድ መጋረጃ እንዴት ይሠራል?

ዎምባት በአውስትራሊያ የሚኖር፣ ቀን ቆፍሮ ባዘጋጀው ጉድጓድ ተኝቶ ውሎ ሌሊት ሣር የሚግጥ የዱር እንስሳ ነው። ከሚያሠቃዩት በሽታዎች ክፉው እከክ ሲሆን፣ አምጪው ሳርኮፕቴስ ስካቢየይ የተባለ ደቃቅ ቅንቅን ቆዳውን ቦርቡሮ እዚያው እንቁላል ይጥላል። በአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ በሚገኘው ናራውንታፑ ብሔራዊ ፓርክ ከ2010 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የዎምባቱ ቁጥር 94 በመቶ አሽቆልቁሏል።

ከ20 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን ጉልበተኛ እንስሳ በየሳምንቱ እያሳደዱ መያዝ ለሰውም ለእሱም ጉዳት ነው። መፍትሔው ገፍቶ ሲያልፍ መድኃኒቱን ጀርባው ላይ የሚያፈስ መጋረጃ በጉድጓዱ አፍ ላይ መስቀል ነው። ሥራው ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደንቡም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ አስቀድመው ይጠይቁ።

መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ። ፀጉሩ ከጎንና ከእግሩ አካባቢ ይረግፋል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ይሰነጠቃል። በሽታው ሲጠና ቅርፊቱ ዓይንና ጆሮውን ይደፍነዋል። ቀን ላይ ሲግጥ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በብርድ ወራት ጤነኛውም ቀን ይወጣል።

ቀጥሎ እንስሳው የሚጠቀምበትን ጉድጓድ ያግኙ። አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ ዱካና ያ የታወቀው ባለ አራት ማዕዘን ፋንድያ ይጠቁማሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አመሻሽ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በመግቢያው ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ጠዋት ወድቀው ካገኟቸው አንድ እንስሳ አልፏል። ዎምባት መሆኑን ግን ዱካው ወይም በእንቅስቃሴ የሚነሳ ካሜራ ይንገርዎት።

ለመጋረጃው የትልቅ አይስክሬም ዕቃ ክዳን፣ ጠንካራ ሽቦ፣ የድንኳን ካስማና የጠርሙስ ቆርኪ ይበቃሉ። ሽቦውን እንደ በር መቃን አጥፈው በካስማ መሬት ላይ ያጽኑ፤ ፕላስቲኩን እንዲወዛወዝ አድርገው ከላይ ይስቀሉ፤ ቆርኪውን አፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ፕላስቲኩ ላይ ያያይዙ። ከዚያ ውኃ ሞልተው ከውስጥም ከውጭም በእጅዎ ይግፉት። ውኃው የእንስሳው ጀርባ በሚሆንበት ቦታ ላይ ካልወረደ የቆርኪውን ቦታ ይቀይሩ። ይህን ሙከራ የሚዘል ሰው መድኃኒቱን ለአፈሩ ነው የሚያጠጣው።

መድኃኒቱ ለከብት ጀርባ የሚፈሰው 5 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር የሆነው ሞክሲዴክቲን (ሳይዴክቲን) ነው። በተለምዶ 4 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ይሞላል፤ የፈቃድ ወረቀቱ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል። ጓንት ያድርጉ፤ ቅንቅኑ ወደ ሰው ተሻግሮ ሊያሳክክ ይችላል። የተረፈውን ወደ ወንዝ አይድፉ፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

አንድ ጊዜ ሞልቶ መተው ዋጋ የለውም። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከቀናት በኋላ አዲስ ቅንቅን ይፈለፈላል፤ እርጥበት ባለው ቀዝቃዛ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ቅንቅንም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ ለ3 ወር ገደማ ይሞላል። ዎምባት በየጥቂት ቀኑ ጉድጓድ ስለሚቀይር፣ በአካባቢው ያሉት ንቁ ጉድጓዶች ሁሉ መጋረጃ ካልተሰቀለባቸው ያልታከመው የታከመውን መልሶ ይይዘዋል። በናራውንታፑ የ3 ወር ሕክምና ተሞክሮ በሽታውን ለጊዜው ብቻ ነው የገታው።

ቆርኪው ባዶ ሆኖ እንስሳው ካልተሻለው ዝናብ፣ ነፋስ ወይም የሚያልፍ ዋላቢ (ካንጋሮ መሰል ትንሽ እንስሳ) ደፍቶት ይሆናል፤ ካሜራው ይነግርዎታል። መጋረጃው ከመሬት በጣም ከፍ ካለ ዎምባቱ ሳይነካው በሥሩ ያልፋል፤ ግትር ከሆነ ደግሞ በጎኑ ሌላ መውጫ ይቆፍራል።

ዓይኑ የተደፈነ፣ ከስቶ መራመድ ያቃተው ካጋጠመዎት መጋረጃው ሳይሆን የዱር እንስሳት ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ቦታውን መዝግበው በዚያው ቀን ያሳውቁ።