ሰማያዊ እንቁላል የሚጥለውን የአራውካና ዶሮ በድሬዳዋና በሐረር ማርባትና ዘሩን ጠብቆ ማቆየት

የአራውካና ዶሮ የትውልድ አገሩ ቺሊ ነው። የማፑቼ ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሲያረባው የኖረውን ይህን ዶሮ ስፔናዊው የእርባታ ሊቅ ሳልቫዶር ካስቴሎ በ1921 እ.ኤ.አ. በሄግ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ላይ አስተዋወቀው። እንቁላሉ ሰማያዊ የሚሆነው ቢሊቨርዲን የተባለው ቀለም ቅርፊቱ በሚሠራበት ጊዜ አብሮ ስለሚገባበት ነው፤ ቡናማው ቀለም ግን ቅርፊቱ ሊያልቅ ሲል ከላይ ብቻ ይቀባል። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ፑኔት በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰማያዊነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጥ አሸናፊ ባሕርይ ነው።

አርቢዎችን የሚያሳስተውም ይኸው አሸናፊነቱ ነው። አንድ የአራውካና አውራ ከገበያ ከተገዙ ዶሮዎች ጋር ቢዳቀል፣ ልጆቹም መልሰው ከገበያ ዶሮ ጋር እየተዳቀሉ ቢቀጥሉ፣ በአራተኛው ትውልድ የሚቀረው የአራውካና ደም አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ ከሴቶቹ መካከል ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ አይጠፉም። እንቁላሉን ያየ ሰው ዘሩ ያለ ይመስለዋል፤ ዘሩ ግን ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ከቀለሙ ይልቅ ቤተሰቡን ለመጠበቅ ያተኮሩ ናቸው።

1. መነሻውን መንጋ መምረጥ

የሚፈለፈል እንቁላል ወይም ጫጩት ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀትና የሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ይዞ መግባት አለበት። በሻንጣ ተደብቆ የገባ እንቁላል የባለቤቱን መንጋ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ዶሮ ለበሽታ ሊያጋልጥ ይችላል።

ከአራውካናዎች አንዳንዶቹ በጆሯቸው ሥር የላባ ጉንጉን ያበቅላሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራ የላቸውም። ጉንጉኑ ያማረ ቢሆንም የሚያመጣው ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ጽንሱን ስለሚገድል፣ ሁለት ባለ ጉንጉን ዶሮዎች ሲዳቀሉ ከጽንሶቹ ሩብ ያህሉ ሳይፈለፈሉ ይሞታሉ። በዚህ የተነሣ ባለ ጉንጉኑን ከሌለው ጋር ማዳቀል የግድ ነው። ጭራ የሌላቸው ደግሞ የመራቢያ አካባቢያቸውን ላባ በመቀስ ካላሳጠሩላቸው እንቁላላቸው ብዙ ጊዜ ዘር አይይዝም። መንጋው ገና ትንሽ ለሆነ አርቢ ባለ ጭራውንና ጉንጉን የሌለውን ዓይነት እመክራለሁ።

2. ቀለሙን መመርመር

አንዲት ቄብ መጣል በጀመረችባቸው ሳምንታት የጣለችውን እንቁላል ሰብሮ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ልጦ፣ የቅርፊቱን ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ማየት ነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ የሰማያዊው ዘረመል የለባትም። ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ላዩ አረንጓዴ ከሆነ ቡናማ ከሚጥል ዘር ተቀላቅላለች ማለት ነው። ምርመራው በጣይነቷ መጀመሪያ መደረጉ ቀለሙ እየዋለ እያደር ስለሚደበዝዝ ነው።

የአውራው ምርመራ ረዘም ይላል። ነጭ እንቁላል ከሚጥሉ ዶሮዎች ጋር አዳቅሎ ሴት ልጆቹ መጣል እስኪጀምሩ ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ከልጆቹ አንዷ እንኳ ነጭ ብትጥል አውራው ሰማያዊውን ዘረመል የያዘው ከአንድ ወላጁ ብቻ ነው። አምስት ሴት ልጆቹ ተመርምረው ሁሉም ሰማያዊ ከጣሉ ግን፣ ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ በያዘ አውራ ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ32 አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ አውራው ንጹሕ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አጭርና በሦስት ረድፍ የተደረደረ መሆኑን አይቶ መፍረድ የሚቀናቸው አርቢዎች አሉ። የዚህ ቅርጽና የሰማያዊው ቀለም ዘረመሎች እርስ በርስ ተቀራርበው ስለሚገኙ ምልክቱ በሌላ አገር ይረዳል፤ የእኛ አገር ዶሮዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ቅርጽ ስለያዙ ግን እዚህ ልንተማመንበት አይገባም።

3. አውራዎችን ማብዛትና ሦስት ቤተሰብ ማቋቋም

የመንጋ ብዝኃነት ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ በአውራዎቹ ቁጥር ይወሰናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአውራዎቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዝቶ፣ ውጤቱን በአራት አባዝቶ፣ ለጠቅላላው ቁጥር ማካፈል ነው። አንድ አውራና 14 ሴቶች ያሉት መንጋ ውጤቱ 3.7 ሲሆን፣ አምስት አውራዎችና አሥር ሴቶች ያሉት ግን 13.3 ይሆናል። ሁለቱም መንጋዎች 15 ዶሮዎች ናቸው፤ መኖም እኩል ይበላሉ፤ የመጀመሪያው ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ በዝምድና ተጠላልፎ እንቁላሉ የማይፈለፈል፣ ጫጩቱም የማይጠና ይሆናል።

ስለሆነም ዶሮዎቹን በሦስት ቤተሰብ መክፈል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ቀፊራ፣ ሳቢያንና ለገሃር ብለን እንሰይማቸው። ሴት ጫጩቶች ምንጊዜም በእናታቸው ቤተሰብ ይቀራሉ። ወንዶቹ ግን በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ይሻገራሉ፤ የቀፊራ ወንዶች ወደ ሳቢያን፣ የሳቢያን ወደ ለገሃር፣ የለገሃር ወደ ቀፊራ። ይህ ቅደም ተከተል ሳይገለበጥ ከቀጠለ እኅትና ወንድም አይገናኙም። እያንዳንዱ ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን በቤተሰቡ ቀለም የእግር ቀለበት ይደረግለት፤ ሲያድግም ቀለበቱ በሰፊ ይቀየርለት።

ሴት ዶሮ የአውራን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ማቆየት ትችላለች። ከሌላ አውራ ጋር የዋለች ዶሮ ለዘር የሚሆን እንቁላል ከመሰብሰቡ በፊት ሦስት ሳምንት መለየት አለባት።

4. እንቁላሉን ከሙቀት ማዳን

በድሬዳዋ ዘር የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ጽንሱ እንዳይነቃ እንቁላሉ ከ20 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የሚመረጠውም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ጽንሱ ለመፈልፈል በማይበቃው በዚህ ሙቀት ማደግ ይጀምርና ሳይታቀፍ ይዳከማል። አርቢው ከሳምንት በኋላ በባትሪ ሲመረምረው ቀጭን የደም ቀለበት ያይና «ዘር አልያዘም» ብሎ አውራውን ይከስሳል፤ ጥፋቱ ግን የማስቀመጫው ነው።

መፍትሔው እንቁላሉን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መሰብሰብና በሸክላ ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ነው። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። የድሬዳዋ አየር ደረቅ በመሆኑ ውኃው ቶሎ ተንኖ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ገንቦው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ እንቁላሉም ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በደረቅ ጭድ ላይ ይደርደር፤ ውኃ ግን ፈጽሞ አይንካው። በዚህ መንገድም ቢሆን ከአራት ቀን በላይ ማቆየት አልመክርም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ በሐረር ዘመድ ወይም ባልንጀራ ላለው ሰው ክፍት ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጀጎል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤቶች ያለ ምንም መሣሪያ እንቁላል ያቆያሉ። እንቁላሉ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በሰጋቱራ ታጅሎ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ቢወጣ ይመረጣል፤ ከመታቀፉ በፊትም አንድ ሌሊት ሳይነካ ይረፍ።

5. ማስፈልፈል

የመፈልፈያው ጊዜ 21 ቀን ነው። ማራገቢያ ባለው ማስፈልፈያ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ይሁን፤ እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጥ፤ ከዚያ በኋላ አይነካ፤ እርጥበቱም ይጨመር። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን የአገራችን እናት ዶሮ ከማንኛውም መሣሪያ ትበልጣለች። አንዲቱ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ታቅፋ ጫጩቶቹን ከጭልፊትና ከሽለመጥማጥ ትጠብቃለች። በድሬዳዋ የሚታቀፍበት ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ሙቀቱ ረገብ ስለሚል ውጤቱ ያምራል።

6. መኖና ክትባት

ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ዋናው መኖ ነው። ዶሮ በሙቀት ስታለከልክ ቅርፊቷ ይሳሳል፤ ስለዚህ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በዕቃ ይቅረብላት። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ መላ መንጋውን በአንድ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚያመርተው ክትባት በእንስሳት ሐኪም መመሪያ ይሰጥ፤ ከክሊኒክ ሲወሰድም በበረዶ ይያዝ።

7. አውራዎችን ከበዓል ገበያ ማዳን፣ መንጋውንም ማከፋፈል

በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ዋዜማ የአውራ ዋጋ ሲንር፣ ለዘር የተመረጠውን መሸጥ ለማንም ፈተና ነው። የሚሸጡትን ወንዶች ከበዓሉ ሁለት ወር አስቀድሞ መለየት፣ ለዘር የቀሩትን ደግሞ ቀለበት አድርጎ የቤቱ ሰዎች ሁሉ እንዲያውቋቸው ማድረግ ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ የዶሮ ቤተሰብ ከዋናው አውራ ሌላ አንድ ተጠባባቂ ይያዝ።

ሦስቱ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ መኖር የለባቸውም። ሁለቱ በድሬዳዋ በተለያዩ ሰፈሮች፣ አንዱ በሐረር ቢቀመጡ ፈንግል ወይም ሌባ አንዱን ቢያጠፋ ሁለቱ ይተርፋሉ። በየዓመቱ አውራዎቹ በሚቀያየሩበት ጊዜ መጤው አውራ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ጫማና የመኖ ዕቃም በመጤው አውራና በነባሩ መንጋ መካከል አይዘዋወር፤ የመጣበት ቤተሰብ፣ የእናቱ ቀለበት ቀለምና የገባበት ቀን በሦስቱም ግቢዎች መዝገብ ላይ ይጻፍ።