የሽጉጥ ባለፈቃዶች ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ወንጀል ይሠራሉ? ቁጥሩን ራሳችሁ እንዴት እንደምታሰሉት

አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያ ጉዳይ ሲነሣ አንዱ «ፈቃድ ያለው ሰው ወንጀል አይሠራም» ይላል፣ ሌላው «ታዲያ ይሄ ሁሉ ተኩስ ከየት መጣ?» ይላል። ክርክሩ ይጦፋል፣ ቁጥር የሚያወጣ ግን የለም። ቁጥሩ አለ፤ ማስላትም አይከብድም። የሚከብደው ከማን ጋር እንደምታወዳድሩ መምረጡ ነው።

1. ቴክሳስን ያዙ። እዚያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዲፒኤስ የሚባለው የግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ስንት ሰው ጥፋተኛ እንደተባለና ከነሱ ስንቱ ባለፈቃድ እንደሆነ በወንጀል ዓይነት ከፍሎ ያወጣል። ፒዲኤፉን አውርዱ። ቻትቦት ጠይቃችሁ የሰጣችሁን ቁጥር ግን እንዳትይዙ፣ ሠንጠረዡን በዓይናችሁ እዩት።

2. አካፍሉ። የ2011ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት ሠንጠረዡ ላይ 63,679 የጥፋተኝነት ውሳኔ አለ፣ የባለፈቃዶቹ 120 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «0.19 በመቶ ብቻ!» ብሎ ይለጥፋል። ይሄ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ባለፈቃዶቹ ራሳቸው ከሕዝቡ ስንት እጅ እንደሆኑ ሳይታወቅ 0.19 ትንሽ ነው ብዙ ነው አይባልም። ያኔ 518,625 ነበሩ። ስለዚህ 120ን ለ518,625 አካፍላችሁ በ100,000 ስታባዙ 23 ገደማ ይመጣል። ዕድሜው 21 እና ከዚያ በላይ የሆነው ሌላው ሕዝብ ደግሞ በግምት 17 ሚሊዮን ነበር፤ የቀረውን 63,559 ለሱ አካፍላችሁ በ100,000 ስታባዙ 374 ይሆናል። 16 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ለዚህ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

3. አሁን ዋናው ሥራ መጣ። 16 እጥፍ የሚለውን ይዛችሁ ወደ ክርክሩ አትሩጡ።

ፈቃዱን ለማግኘት በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆን ያስፈልጋል። ጠጥቶ መንዳትን በመሰለ መለስተኛ ወንጀል ባለፉት 5 ዓመታት የተፈረደበትም አይሰጠውም። የልጅ ቀለብ ያልከፈለ ይከለከላል፣ የግዛቱን ግብር ያልከፈለም እንዲሁ። «ጠቅላላው ሕዝብ» ውስጥ ግን ትናንት ከእስር የወጣውም አለበት። በወንፊት የተነፋ ጤፍ ካልተነፋው ጎን አስቀምጦ «ይሄኛው እንዴት ንጹሕ ሆነ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ማጣሪያው እንደሚሠራ ያሳይ ይሆናል እንጂ ሽጉጥ መያዝ ሰውን ጨዋ እንደሚያደርግ አያሳይም።

ዕድሜም አለ። ወንጀል በብዛት የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው፣ ከባለፈቃዶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ጎልማሶች ናቸው። ዲፒኤስ የባለፈቃዶቹን ዕድሜ ለብቻው ያወጣል። የሕዝቡን ምጣኔ በየዕድሜው ከፍላችሁ በባለፈቃዶቹ ቁጥር አባዙት። ለምሳሌ የአንዱ ዕድሜ ክልል ምጣኔ ከ100,000 ሰው 800 ቢሆንና በዚያ ዕድሜ 20,000 ባለፈቃድ ቢኖር 160 ጥፋተኛ ይጠበቃል። እንዲህ እያላችሁ የሁሉንም ክልል ደምሩና ድምሩን ከ120 ጋር አስተያዩት። በዕድሜ የተከፈለ የጥፋተኝነት ቁጥር ካጣችሁ ኤፍቢአይ የሚያወጣው የእስር ቁጥር ለክፍፍሉ ያህል ይረዳል። ይሄን ለመሥራት ኤክሴል ክፈቱ፣ በወረቀት ያደክማል። ጾታውንም እንደዚሁ ትሠራላችሁ።

4. የወንጀሉን ዝርዝር አጥሩ። ሠንጠረዡ ውስጥ ሕገወጥ በሆነ መንገድ መሣሪያ መያዝ የሚባል ወንጀል አለ። ያኔ ሽጉጥ ያለፈቃድ ይዞ መገኘት እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ፈቃድ ያለውን ሰው የሚነካ ጉዳይ አይደለም። ከሁለቱም ወገን አውጡትና ድብደባን፣ ዝርፊያንና ግድያን ለየብቻ አካፍሉ። ግድያ ላይ የባለፈቃዶቹ ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲጨመር ምጣኔው ይዘላል፤ የብዙ ዓመት ደምራችሁ ብትሠሩ ይሻላል።

5. ዓመታትን ስትደምሩ ግን ተጠንቀቁ። በ2017 የፈቃዱ ክፍያ ከ140 ወደ 40 ዶላር ወረደ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሕጉ የማይከለክለው 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለፈቃድ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ለማውጣት የሚሰለፈው ሰው የድሮው ዓይነት ነው ማለት አይቻልም። ከ2021 በፊትና በኋላ ያለውን አትቀላቅሉ።

6. ሌላው ጥያቄ ሌላ ነው። ባለፈቃዶች ራሳቸው ብዙ ወንጀል አይሠሩም ማለትና የፈቃድ ሕጉ ወንጀል ቀነሰ ማለት ይለያያሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሎት ቀነሰ ይላል። ሌላው ተመራማሪ ጆን ዶናሁና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት ሕጉ በወጣባቸው ግዛቶች ከ10 ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀል ሕጉ ባይወጣ ኖሮ ይሆን ከነበረው ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሏል ይላሉ። ባለፈቃዶቹ ብዙ ወንጀል አለመሥራታቸውና የነዶናሁ ውጤት አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፦ ባለፈቃዱ ምንም ሳያጠፋ መኪናው ውስጥ የተወው ሽጉጥ ተሰርቆ ሌላ ሰው ሊገድልበት ይችላል፣ ያ ግድያ ደግሞ በባለፈቃዱ ረድፍ አይቆጠርም።

ውጤቱን ስትለጥፉ ዓመቱን፣ ያካፈላችሁበትን ሕዝብና ያወጣችሁትን የወንጀል ዓይነት ከቁጥሩ ጎን ጻፉ። አለበለዚያ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ለብቻው ተቆርጦ ሲዞር ታገኙታላችሁ።