ከአሮጌ ጀሪካን የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር እንዴት ይሠራል?

ለመናፈሻ ወይም ለአውቶቡስ ፌርማታ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር ሲያረጅ ተፈትቶ እንደገና የሚቀልጥ መሆን አለበት። ይህ የሚወሰነው ገና በንድፉ ነው፦ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ፣ ያለ ማስቲሽ፣ ሰጋቱራ ሳይቀላቀልበት፣ በብሎን ብቻ የታሰረ።

ጥሩው ጥሬ ዕቃ የዘይትና የውሃ ጀሪካን ነው፤ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር የታተመበት (ኤችዲፒኢ)። ከቆራሌው ወይም መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ ይገኛል። ፀረ ተባይ ወይም አሲድ የነበረበትን አይንኩት። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ ይነሳ።

ለ150 ሴንቲ ሜትር ወንበር 10 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 6 ጣውላዎች ይበቃሉ፤ 4 ለመቀመጫ፣ 2 ለመደገፊያ። አንዱ ጣውላ 5.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብክነቱ ሲታከል 40 ኪሎ ያዘጋጁ።

ጀሪካኑን ቆራርጠው በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይጠቡ፤ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አድርገው ይፍጩት። ፍጭውን ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ኤችዲፒኢ ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) እና የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ይሰምጣል። የሰመጠውን ሁሉ ያስወግዱ፤ ፒቪሲ ሲግል የሚያንቅና ብረት የሚበላ ጋዝ ያወጣል። የእጥበቱን ውሃ በጨርቅ ሳያጣሩ ቦይ ውስጥ አይልቀቁት፤ ብናኙ ወንዝ ይገባል። ፍጭውን በደንብ ያድርቁት፤ እርጥበት የቀረበት እንደሆነ ጣውላው ውስጡ በአረፋ ይሞላል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ፕላስቲክን ቶሎ ታደርቃለች፣ ትሰነጥቃለች። መከላከያው የካርቦን ጥላሸት ነው፦ 40 በመቶ ካርቦን ያለው ጥቁር ማስተርባች (ቀለም የታመቀበት የፕላስቲክ ጥራጥሬ) 2 ኪሎ ለ40 ኪሎ ፍጭ። ጥቁር ወንበር በፀሐይ ስለሚግል ዛፍ ጥላ ሥር ቢተከል ይመረጣል።

ቅርጽ ማውጫው ጫፉ በፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር የብረት ክዳን) የሚዘጋ የብረት ቱቦላሬ ነው። ኤችዲፒኢ ሲቀዘቅዝ ከ2 እስከ 3 በመቶ ስለሚኮማተር ውስጡን 154 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10.3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያድርጉት። ኤክስትሩደሩን (ፍጭውን አቅልጦ ወደ ቱቦላሬው የሚገፋውን ማሽን) ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ያሙቁ። ቱቦላሬው ራሱ ካልሞቀ የቀለጠው መሐል መንገድ ላይ ይረጋል። ሲሞላ ግፊቱን ቶሎ አይልቀቁ፤ ጫፉ እስኪረጋ ይግፋ፣ አለዚያ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ውሃ ገንዳ ውስጥ 45 ደቂቃ ያቆዩት። ብዙ ጣውላ የሚጣመመው በዚህ ጊዜ ትዕግሥት በማጣት ነው፤ ላዩ የቀዘቀዘ ይመስላል እንጂ ልቡ ገና ትኩስ ነው። ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ከሥሩ 2 ቁጥር በጋለ ብረት ይታተምበት።

ፕላስቲክ ከእንጨት ይልቅ በጣም ይለመጣል፣ ሸክም ሲቆይበትም ይጎብጣል። ስለዚህ በ55 ሴንቲ ሜትር ርቀት 3 የብረት እግሮች ይቁሙ፤ ከዳርና ከዳር 20 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በጣውላዎቹ መካከል ደግሞ ለዝናብ ውሃ 1 ሴንቲ ሜትር ይተው።

በመካከለኛው እግር ላይ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ክብ ቀዳዳ ይብሱ፤ በዳርና ዳር እግሮች ላይ ግን ቀዳዳው በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ ሞላላ፣ ርዝመቱም 16 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጣውላው ከሌሊት ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ርዝመት ይጨምራል፤ መላወሻ ካጣ ቀዳዳው ላይ ይሰነጠቃል። ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ፣ ዳዶውን ከልክ በላይ አያጥብቁ። ፕላስቲኩ በብሎኑ ሥር ቀስ በቀስ ስለሚረግብ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው እያንዳንዱን ዳዶ ይፈትሹ።