ስለ ቶኒ አዮሚ ሪፎች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሜታል ወዳጆች ሁለትም ሦስትም ሆነው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጋ መድረሱ አይቀርም። ብላክ ሳባዝ ከተነሳ ደግሞ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ይነሳል። ከዚያ ያ የለመድነው ተረት ይጀመራል። ጣቱ ተቆረጠ፣ ክሩን አላላ፣ የሰይጣን ድምፅ አገኘ፣ ሜታል ተወለደ። አለቀ።

ተረቱ ግማሹ እውነት ነው። ያስቸገረውም ይኸው ነው። ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን አንዱ ተነስቶ ያፈርሰው ነበር። ታሪኩን ስላወቅን ግን ሙዚቃውንም ያወቅን ይመስለንና ማዳመጡን እንተወዋለን። እኔ ራሴ ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች ቢያንስ ሦስቱን በልበ ሙሉነት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተሳስቻለሁ።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ላስቀድም። ሪፍ ማለት ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄድ፣ እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ዜማ ነው። ግጥሙን የረሳ ሰው እንኳ በአፉ «ደን ደን ደደን» እያለ የሚያንጎራጉረው እሱን ነው።

«ጣቱ ባይቆረጥ ሜታል አይኖርም ነበር»

መጀመሪያ የሆነውን እንናገር። አዮሚ የበርሚንግሃም ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ17 ዓመቱ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አደጋው የደረሰው ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን ነው። ለምሳ ወደ ቤት መጥቶ ላለመመለስ አስቦ ነበር፤ እናቱ ናት ሂድና ቀንህን ጨርስ ብላ የመለሰችው። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሀልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። «ቀኝ እጁ ከሆነማ ክር የሚመታበትን ፒክ የሚይዝበት እጅ ነው፣ ምን ቸገረው?» ይላል። አዮሚ ግራኝ ነው። ጊታሩን የሚይዘው ገልብጦ ነው። ስለዚህ የተጎዳው ክር የሚጫንበት እጁ ነው። ግራኝ መሆኑን ያልያዘ ሰው የቀረውን ታሪክ በሙሉ ተሳስቶ ነው የሚያወራው።

ያደረገውም ይታወቃል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የሚሸጥበትን ፕላስቲክ አቅልጦ ለሁለቱ ጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቆቡ ክሩ ላይ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ቀጭን የጊታር ክር በሱቅ በማይገኝበት ዘመን የባንጆ ክር ገዝቶ ጊታሩ ላይ ወጠረ። እስኪ አስቡት፤ በጣት ጫፍና በክር መካከል ፕላስቲክና ቆዳ ገብቷል። ክሩ ይነካል እንጂ አይሰማም። ምን ያህል እንደሚጫን የሚነግረው ጆሮው ብቻ ነው።

ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? ጉዳቱ እንዴት እንደሚጫወት ያስረዳል። ምን እንደሚጫወት ግን አያስረዳም። በሁለት ድምፅ ብቻ የሚሠራውን ፓወር ኮርድ ለምን እንደወደደ፣ ለምን ቀጭን ክር እንደመረጠ፣ ኋላ ላይ ክሩን ለምን እንዳላላ ከጣቱ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ከአንዱ ድምፅ ቀጥሎ ያንን ድምፅ ለምን እንዳመጣ ግን ጣቱ አይነግረንም።

ማስረጃው ከዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። አዮሚ ጊታር በቃኝ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃው አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። የጃንጎ ራይንሃርት ሸክላ ነበር። ጃንጎ በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነውበት፣ በቀሩት ጣቶቹ የአውሮፓን ጃዝ ጊታር ያናወጠ ሰው ነው። ሁለት ጊታሪስቶች፣ ሁለቱም ክር በሚጫኑበት እጅ ሁለት ሁለት ጣት የተጎዱ። አንዱ እንደ ወፍ የሚበር ጃዝ ተጫወተ፤ ሌላው እንደ ክምር ድንጋይ የሚጫን ሪፍ ሠራ። ጉዳት ሙዚቃ የሚወልድ ቢሆን ልጆቹ ይመሳሰሉ ነበር።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ክሩን አላልቶ ነው የተጫወተው»

ይህኛው የራሴ ነው። ጊታር ስጀምር «አዮሚ አላልቶ ነው የሚቃኘው» የሚል ወሬ ሰምቼ ስለነበር ጊታሬን አንድ ድምፅ ተኩል አወረድኩና «አይረን ማን» የተባለውን ዘፈናቸውን ከካሴቱ ጋር ልጫወት ተቀመጥኩ። አልገጠመም። ካሴቱ ከእኔ ከፍ ይላል። የወንድሜ ቴፕ ሪከርደር እየፈጠነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቴፑን ፈትቼ ላስቲኩን ሁሉ አይቻለሁ። ጥፋቱ የኔው ነበር።

በ1970 የወጡት ሁለት አልበሞች፣ ማለትም የባንዱን ስም የያዘው የመጀመሪያውና «ፓራኖይድ»፣ የተቀዱት በተለመደው የጊታር ቅኝት ነው። ያ ሁሉ ክብደት ጊታር መደብር ገብታችሁ እንደተቃኘ ከምታነሱት ጊታር የሚወጣ ነው። ክሩን አንድ ድምፅ ተኩል አላልቶ የቀዳው በ1971 በሦስተኛው አልበም ነው። «ቺልድረን ኦፍ ዘ ግሬቭ»ን እና «ኢንቱ ዘ ቮይድ»ን ስሙ። ክሩ ሲላላ ለጣቱ ቀለለው፤ ድምፁም ጎርነን አለ። በኋለኞቹ ዓመታት የድሮዎቹንም ዘፈኖች መድረክ ላይ አላልተው ስለተጫወቷቸው ኮንሰርት ብቻ ያየ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

በነገራችን ላይ እኛ «ቅኝት» ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው፤ የክሩን መወጠርና መላላት፣ እንዲሁም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸውን። ስለ አዮሚ ሲወራ ሁለቱ ይምታቱና ጭቅጭቁ ማለቂያ ያጣል። አንዱ ስለ ክር ይናገራል፣ ሌላው ስለ ዜማ ይመልሳል።

«ቤተ ክርስቲያን ያገደችውን ድምፅ ነው የተጠቀመው»

ወደ ጣፋጩ ደረስን። ባንዱን፣ አልበሙንና ዘፈኑን በአንድ ስም ያገናኘው «ብላክ ሳባዝ» ሦስት ድምፅ ባለው ሪፍ ነው የሚጀምረው። ታች ጂ፣ ከዚያ ያው ጂ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ወርዶ ሲ ሻርፕ። ከጂ እስከ ሲ ሻርፕ ያለው ርቀት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ትራይቶን ይሉታል። ታዲያ ተረቱ ምን ይላል? «በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ይህን ድምፅ በሕግ ከልክላ ነበር፣ የዘፈነውም ይቀጣ ነበር።»

እንዲህ ያለ እገዳ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። የዜማ መምህራን ለመዘመር ያስቸግራል፣ ጆሮ ይጎረብጣል ብለው ተማሪዎቻቸውን እንዲሸሹት ይመክሩ ነበር። «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» የሚለው የላቲን አባባል ተጽፎ የሚገኘውም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ነው። መካከለኛው ዘመን ያኔ ካለፈ ቆይቷል። አዮሚም ቢሆን ሪፉን ሲሠራ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ደስ ስላለው ነው የተጫወተው።

ይልቅ የሚያስገርመው እውነቱ ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር የእንግሊዛዊውን የጉስታቭ ሆልስትን «ማርስ» ይወድ ነበር። ሆልስት በ1914 እና በ1917 መካከል ስለ ፕላኔቶች ከጻፈው ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ውስጥ ስለ ጦርነት የሚያወራው ክፍል ነው። ጊዘር ልምምድ ላይ እሱን በቤዝ ይነካካ ነበር። አዮሚ በማግስቱ ያንን ሪፍ ይዞ መጣ። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ዝምድናቸው አይጠፋችሁም።

አሁን የእኛን ጆሮ እንጠይቅ። አንቺ ሆዬን በክራር ቃኙና መነሻውን ድምፅና አራተኛውን ድምፅ አከታትላችሁ ምቱ። በመካከላቸው ስድስት ግማሽ ድምፅ አለ። ያው ርቀት! በዚህ ቅኝት ስንት ተዘፍኖ፣ ስንት ተጨፍሮ፣ ሰይጣን ታየኝ ብሎ ከዳስ ሮጦ የወጣ የለም። (አዮሚ ከእኛ ወሰደ ልትሉ የተዘጋጃችሁ ተቀመጡ። አልወሰደም።)

እንግዲህ የሚያስፈራው ርቀቱ ብቻውን አይደለም። ዘገምታው ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ዝናብና ደወል ነው። በተለይ ደግሞ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ አዮሚ ጣቱን ያርገበግባል፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይንቀጠቀጣል። ያችን መንቀጥቀጥ ትታችሁ ሪፉን ተጫወቱት፤ ግማሹ ፍርሃት ወዲያው ይጠፋል።

«ዋናው ዲስቶርሽኑ ነው»

አጭር ናት። ልጆች አምፕሊፋየሩን ቤዝ እስከ ጥግ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) እስከ ጥግ ይከፍቱና «አዮሚ አይመስልም» ይላሉ። አዮሚ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጊታሩና በሌኒ አምፑ መካከል ያስገባው ሬንጅማስተር የሚባል ዕቃ ነው፤ ሥራው ቀጭኑን ድምፅ ማጉላት ነው፣ ወፍራሙን አይደለም። ድምፁ የሚከብደው ጥርት ስላለ ነው። ቤዙን ለጊዘር ተዉለት።

«የማን ተጽዕኖ እንዳለበት ሰምቼ ነው የማውቀው፣ ይመሳሰላላ!»

ተጽዕኖና መመሳሰል አንድ አይደሉም። አዮሚን በልጅነቱ ጊታር ያስያዘው የሻዶውስ ባንዱ ሃንክ ማርቪን ነው። ሻዶውስ ንጹሕ፣ ያለ ዘፋኝ በጊታር ብቻ ዜማ የሚያወጣ ባንድ ነበር። ብላክ ሳባዝ ውስጥ የሃንክን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሐሳቡን የሚፈልግ ግን ያገኛል፤ ጊታር ከዘፋኝ ጀርባ የሚያጅብ ሳይሆን ራሱ የሚዘፍን መሣሪያ ነው የሚለውን። «አይረን ማን» ላይ የባንዱ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን የሚዘፍነው ሪፉ የሚሄድበትን ዜማ ተከትሎ ነው። ዘፋኙ ጊታሩን አጀበ ማለት ነው።

ጀትሮ ታል ከተባለው ባንድ ጋር ያሳለፈው አጭር ጊዜም እንዲሁ ነው። በ1968 መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሳምንታት አብሯቸው ነበር። ሙዚቃቸውን አልወሰደም። የወሰደው በጠዋት ተነስቶ ልምምድ መግባትን ነው። ተመልሶ ጓደኞቹንም በጠዋት ይቀሰቅሳቸው ጀመር። ይህ በየትኛውም ሪፍ ላይ አይሰማም፤ ያለሱ ግን ሪፎቹ ሁሉ መኖራቸውን እጠራጠራለሁ።

ጃዙ ደግሞ ብዙ ሰው በማይደርስባቸው ጸጥ ያሉ ቁራጮች ውስጥ አለ። «ፕላኔት ካራቫን» መጨረሻ ላይ ያለውን ሶሎ ሌሊት፣ መብራት አጥፍታችሁ ስሙ።

«ሪፉ የአዮሚ ነው፣ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው»

የድሮዎቹ ዘፈኖች ላይ በደራሲነት የተጻፈው የአራቱም ስም ነው፤ እንዲያው ለወግ አይደለም። ግጥሙን በብዛት የጻፈው ጊዘር ነው። ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ደግሞ ጆሮው ያደገው በጃዝ ነው። ሪፉን ቀጥ አድርጎ አይደልቅም፤ ዙሪያውን ይዞረዋል፣ ይመልስለታል። የዘመኑ ባንዶች ያንኑ ሪፍ ወስደው በደረቅ ምት ሲጫወቱት ለምን እንደሚደነዝዝ ካልገባችሁ ምክንያቱ ቢል ነው።

«ማን ቀደመ?»

ይህን ክርክር ባትጀምሩት ደስ ይለኛል። ኪንክስና ብሉ ቺር የተባሉት ባንዶች ከሳባዝ ቀድመው፣ አንዱ በ1964 ሌላው በ1968፣ ጊታር አስጩኸዋል። ቀናቸውን መናገር ይበቃል። «እንግዲያውስ አዮሚ ምንም አልፈጠረም» ካላችሁ ግን ወደ ሦስቱ ድምፆች ተመልሳችሁ ስሙ።

«ትልቅ ሪፍ ብዙ ተለፍቶበት ነው የሚመጣው»

የመጀመሪያው አልበም በ1969 ጥቅምት ወር በአንድ ቀን ነው የተቀዳው። «ፓራኖይድ» የተባለው ዘፈን ደግሞ ሁለተኛው አልበም ስላጠረ ቀዳዳ ለመሙላት የተሠራ ነው። ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ወጡ፣ አዮሚ ጊታሩን ይዞ ቀረ፣ ሲመለሱ ሪፉ ነበር። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱም የመጀመሪያ አባላት ባደጉበት በአስተን፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ኦዚ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነበር የዘፈነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። አዮሚ 77 ዓመቱ ነበር፣ ቆቦቹ ጣቱ ላይ። መዝጊያ ያደረጉት ያንኑ የቀዳዳ መሙያ ዘፈን ነው።